ለስላሳ መሬት ቶሎ እንዲረጋ ስለሚደረግበት ዘዴ



ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ብዙ ያስባል፤ ከሥር ስላለው መሬት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከብዙዎቹ አንዱ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሳችን ቤት የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን በአጭሩ እገልጻለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት አባቴ በወንዝ አጠገብ በሚገኝ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቤት ሠሩ። ቦታው ረግረግ ስለ ነበረ ከሌላ ስፍራ በመኪና አፈር ተጓጉዞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሙሌት ተደፋበት። ግንበኛው በሥራቸው የተፈተኑ ሽማግሌ ነበሩና «ይህ መሬት ገና አልተቀመጠም፤ አንድ ሁለት ክረምት ይለፍበት» ብለው መከሩ። አባቴ ግን የቤት ኪራይ ያስጨንቃቸው ስለ ነበረ ሊጠብቁ አልቻሉም። ቤቱ ተሠራ፤ እኛም ደስ ብሎን ገባንበት። በሁለተኛው ዓመት በወንዙ በኩል ያለው ማዕዘን ወደ ታች ወረደ፤ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚደርስ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ፤ የጓዳውም በር አልዘጋ አለ። እናቴ ስንጥቁን በሲሚንቶ ብትደፍነው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ከአእምሮዬ አልጠፉም። አንደኛው፣ መሬቱ የሚሰጥም ከሆነ ቤቱ በተሠራበት ቀን ሳይሰጥም ስለ ምን ሁለት ዓመት ቈየ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መስጠሙ የማይቀር ከሆነ ቤቱ ሳይሠራ በፊት አስቀድሞ እንዲሰጥም ለማድረግ አይቻልምን? የሚል ነው። የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው «ሁለቱም መልስ አላቸው» ብለው አንድ መጽሐፍ አዋሱኝ። ከዚያም ያገኘሁትንና በገዛ እጄ የሞከርሁትን እነሆ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ለስላሳ አፈር ስለ ምን በዝግታ ይሰጥማል?

አይብ ሲሠራ ያላየ የለም። እርጎው ከተናጠና ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በእሳት ሞቆ ሲረጋ፣ አይቡ በጨርቅ ተቋጥሮ ይንጠለጠላል ወይም ድንጋይ ይጫንበታል። አጓቱ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል፤ አይቡም እያነሰና እየጠነከረ ይሄዳል። ድንጋዩ በተጫነበት ደቂቃ አይቡ አያንስም፤ የሚያንሰው አጓቱ በወጣለት መጠን ብቻ ነው።

ለስላሳ ሸክላማ አፈርም እንዲሁ ነው። ቅንጣቶቹ በዓይን የማይታዩ ደቃቆች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ በውሃ የተሞላ ነው። በላዩ ሸክም ሲጫን፣ ውሃ ተጨምቆ የማያንስ ነገር ስለ ሆነ በመጀመሪያ ሸክሙን የሚሸከመው ውሃው ነው። የውሃው ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ወደሚያንስበት ወገንም ለመውጣት ይጥራል። በወጣ መጠን ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ፤ ሸክሙም ጥቂት በጥቂት ከውሃው ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል። ግፊቱ ተንፍሶ ሲያልቅ አፈሩ ረጋ ይባላል። የረጋ አፈር ክፍት ቦታው ያነሰ፣ ጥንካሬውም የበለጠ ነው።

አሸዋ ቢሆን ኖሮ ውሃው በቀላሉ ስለሚያልፍበት ነገሩ ሁሉ ወዲያው ባለቀ ነበር። በሸክላ ውስጥ ግን መንገዱ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ውሃው በዓመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ የማይራመድበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤታችን ማዕዘን ሁለት ዓመት የቈየበትም ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ነገር በሒሳብ የገለጠው ካርል ቴርዛጊ የተባለው መሐንዲስ ነው። በ1883 በፕራግ ተወለደ፤ በኢስታንቡል እያስተማረ ሳለ ከተገኘው ነገር ራሱ በሠራቸው ቀላል መሣሪያዎች የሸክላን ጠባይ መረመረ፤ በ1925ም የምርምሩን ውጤት በመጽሐፍ አወጣ። የአፈር ምሕንድስና ትምህርት በዚህ መጽሐፍ እንደ ተመሠረተ ይነገራል።

፪. የመንገዱ ርዝመትና ጊዜው

ከቴርዛጊ ትምህርት ለእኛ ጉዳይ ዋና የሆነው ይህ ነው፦ አፈሩ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ ውሃው ለመውጣት የሚሄደውን ርቀት በራሱ አባዝቶ እንደሚገኘው ቁጥር ያድጋል። ይኸውም ርቀቱ 2 እጥፍ ቢሆን ጊዜው 4 እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ 10 እጥፍ ቢሆን ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ቀመሩም እንዲህ ይጻፋል፦

ጊዜ = ቁ × ር × ር ÷ ፍ

«ር» ውሃው የሚሄደው ረጅሙ ርቀት ነው። «ፍ» አፈሩ የሚረጋበት ፍጥነት ሲሆን በላቦራቶሪ ተለክቶ ይገኛል። «ቁ» አፈሩ ምን ያህል እንዲረጋ እንደ ፈለግን የሚለወጥ ቁጥር ነው፤ ከመቶ 90 እጅ እንዲረጋ ብንፈልግ 0.85 ያህል ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ውፍረቱ 10 ሜትር የሆነ ለስላሳ ሸክላ አለ እንበል። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ አለት ስላለ ውሃው መውጣት የሚችለው ወደ ላይ ብቻ ነው። «ፍ» በዓመት 1 ካሬ ሜትር ይሁን። እንግዲህ 0.85 × 10 × 10 ÷ 1 = 85 ዓመት ይሆናል። መንገድ ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት 85 ዓመት የሚጠብቅ ማን ነው? ያን ሥራ ያዘዘው ሰው ውጤቱን አያየውም፤ ልጁም ምናልባት አያየውም።

ከሸክላው በታች ውሃ የሚያሳልፍ አሸዋ ቢኖር ግን ውሃው ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ስለሚወጣ ረጅሙ ርቀት 5 ሜትር ይሆናል፤ ጊዜውም ወደ 21 ዓመት ይወርዳል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ የአፈሩን ጠባይ ለመለወጥ ባንችልም የውሃውን መንገድ ካሳጠርን ጊዜውን እጅግ ልናሳጥር እንችላለን።

፫. የቁም ማፍሰሻ ምንድን ነው?

አንድ ትልቅ አዳራሽ በሰው ተሞልቶ መውጫው አንድ በር ብቻ ቢሆን፣ ከበሩ ርቆ የቆመው ሰው እስኪወጣ ብዙ ይቈያል። በየሁለት እርምጃው በር ቢከፈት ግን አዳራሹ ወዲያው ባዶ ይሆናል። የቁም ማፍሰሻም በአፈሩ ውስጥ እንደሚከፈት በር ነው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ውሃ በቀላሉ የሚያሳልፍ መንገድ በየአንድ ወይም በየሁለት ሜትሩ ይተከላል። በሸክላው ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ ወዲህ 10 ሜትር ወደ ላይ መሄድ አያስፈልገውም፤ ወደ ጎን አንድ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ማፍሰሻው ይገባል፤ በማፍሰሻውም ወደ ላይ ይወጣል። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ሸክላ በንብርብር የተቀመጠ ስለ ሆነ ውሃን ወደ ላይ ከሚያሳልፈው ይልቅ ወደ ጎን የሚያሳልፈው ይበልጣል።

ቀድሞ የተቀመጠውን ምሳሌ እንደገና እንውሰድ። በዚያው 10 ሜትር ሸክላ ውስጥ በሦስት ማዕዘን አሰላለፍ በየ1 ሜትር ተኩሉ ማፍሰሻ ቢተከል፣ ከመቶ 90 እጁ የሚረጋው ከ2 ዓመት ባነሰ ጊዜ ነው። 85 ዓመት የነበረው ነገር ከሁለት ዓመት በታች ሆነ ማለት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማፍሰሻው ብቻውን ምንም አለማድረጉ ነው። ድንጋይ ያልተጫነበት አይብ እንደ ልብ አይጨመቅም። ስለዚህ ማፍሰሻው ከተተከለ በኋላ የአፈር ክምር በላዩ ይጫናል፤ ብዙ ጊዜም ክምሩ ወደ ፊት ከሚሠራው ሕንፃ ክብደት የበለጠ እንዲሆን ይደረጋል። መሬቱ የሚፈለገውን ያህል ከሰጠመ በኋላ ትርፉ አፈር ተነሥቶ ይወሰዳል፤ ሕንፃውም በረጋ መሬት ላይ ይሠራል። ክምሩ በአንድ ጊዜ አይቈለልም፤ መሬቱ ገና ሳይጠነክር ብዙ ቢጫንበት ተንሸራቶ ወደ ጎን ሊፈርስ ስለሚችል ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። መሐንዲሶቹም የመሬቱን መውረድና በውስጡ ያለውን የውሃ ግፊት በየጊዜው ይለካሉ።

፬. የዘዴው ታሪክ

ዳንኤል ሞራን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1926 የአሸዋ ማፍሰሻ የፈጠራ መብት አወጣ። ባዶ የብረት ቧንቧ ወደ መሬት ይገባል፤ በአሸዋ ይሞላል፤ ከዚያም ቧንቧው ተነቅሎ አሸዋው እንደ ምሰሶ በመሬት ውስጥ ይቀራል። በ1930ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ የመንገድ ሥራ ላይ ተሞከረ።

በዚያው ዘመን በስዊድን አገር ዋልተር ሼልማን የተባለ መሐንዲስ በአሸዋ ፈንታ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቶን ጥብጣብ አዘጋጀ። በካርቶኑ ውስጥ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቦዮች ነበሩ። ዛሬ በካርቶኑ ምትክ በጨርቅ የተሸፈነ ፕላስቲክ ይሠራበታል። ጨርቁ ውሃውን ያሳልፋል፤ አፈሩን ግን ያስቀራል። መልኩና ስፋቱ ከቀድሞው ብዙ አልተለወጠም። በ1948 ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ውሃው ወደ ማፍሰሻው የሚገባበትን ሒሳብ በሙሉ አወጣ፤ ከ1957 ጀምሮም በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው ስኮ ኤዴቢ የሙከራ ሜዳ ማፍሰሻ ያለውና የሌለው መሬት ጎን ለጎን ለብዙ ዓመታት ተለካ።

ዘዴው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ብረቱ ሲገባ በዙሪያው ያለውን ሸክላ ይፈተፍተዋል፤ የተፈተፈተ ሸክላም ውሃ የማሳለፍ ችሎታው ይቀንሳል። ማፍሰሻዎቹ እጅግ ቢቀራረቡ ትርፋቸው የሚያንሰው ስለዚህ ነው።

፭. በባሕር ላይ የተሠራው አውሮፕላን ማረፊያ

ስለዚህ ዘዴ ኀይልም ስለ ወሰኑም የሚያስተምር አንድ ትልቅ ሥራ በጃፓን አገር ይገኛል። የኦሳካ ከተማ ሰዎች የአውሮፕላን ጩኸት እንዳያውካቸው ማረፊያው ከባሕር ዳር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰው እጅ በተሠራ ደሴት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ሥራው በ1987 ተጀመረ። ባሕሩ በዚያ ስፍራ 18 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ከባሕሩ ወለል በታች ደግሞ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ለስላሳ ሸክላ አለ። በዚህ ሸክላ ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የአሸዋ ማፍሰሻዎች በየ2 ሜትር ተኩሉ ተተከሉ፤ ቁጥራቸውም ወደ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ከዚያ ድንጋይና አፈር ተሞላበት። የላይኛው ሸክላ ለመርጋት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ሊፈጅበት ሲችል፣ አብዛኛው መስጠሙ በግንባታው ጊዜ ውስጥ አለቀ። ማረፊያውም በመስከረም 1994 ተከፈተ።

ነገር ግን ከለስላሳው ሸክላ በታች በመቶ ሜትሮች የሚቈጠር ሌላ የጥንት ሸክላ አለ። ማፍሰሻ እስከዚያ ጥልቀት ሊደርስ አይችልም። የደሴቱ ክብደት ይህንንም ሸክላ ስለ ተጫነው ውሃው በራሱ ዝግታ እየወጣ ነው፤ ደሴቱም ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ በአማካይ ከ13 ሜትር በላይ ሰጥሟል። መሐንዲሶቹ ይህን አስቀድመው ስላሰቡበት የመንገደኞቹ ሕንፃ ምሰሶዎች በክሪክ እየተነሡ ከሥራቸው ብረት እንዲገባ ሆነው ተሠርተዋል። በመስከረም 2018 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ የባሕሩን ግንብ ተሻግሮ ማረፊያውን አጥለቀለቀው፤ ከዚያም በኋላ ግንቡ ከፍ እንዲል ተደረገ። ከዚህ የምንማረው፣ ማፍሰሻ የሚያፋጥነው የደረሰበትን አፈር ብቻ እንደ ሆነ ነው።

፮. በሁለት ቆርቆሮ ያደረግሁት ሙከራ

መጽሐፉን ብቻ አንብቤ መቅረት ስላላረካኝ በቤት ውስጥ ሙከራ አደረግሁ። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ሁለት አገኘሁ። ከወንዙ ዳር ሸክላ አምጥቼ በውሃ አቀጠንሁትና በሁለቱም ውስጥ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሞላሁ። በአንደኛው ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 7 የአሸዋ ምሰሶዎች አቆምሁ፤ አንዱ በመካከል ስድስቱ በዙሪያው ናቸው። የቧንቧውን አፍ በወረቀት ደፍኜ ወደ ጭቃው እሰድና አሸዋ ሞልቼ ቀስ ብዬ እነቅለው ነበር። በየቆርቆሮው ላይ ጣውላ አስቀምጬ 12 ኪሎ ድንጋይ ጫንሁበት።

በመጀመሪያው ጊዜ አልሆነልኝም። አራት ቀን ጠብቄ ብለካ ሁለቱም እኩል ነበሩ ለማለት ይቻላል። አዝኜ ለመምህራችን ብነግራቸው «ሰባት በር ከፍተሃል፤ በሮቹ ግን ወዴት ነው የሚያስወጡት?» አሉኝ። ያን ጊዜ ጣውላው የአሸዋውን አፍ እንደ ከደነው ገባኝ። በትልቁም ሥራ በመሬቱ ላይ አስቀድሞ የአሸዋ ንጣፍ የሚዘረጋው ከማፍሰሻው የወጣው ውሃ የሚሄድበት እንዲያገኝ ነው። እኔም ጭቃውን ለውጬ እንደገና ጀመርሁ፤ በሁለቱም ላይ ጨርቅና ሁለት ሴንቲ ሜትር አሸዋ አነጠፍሁ፤ ጣውላዎቹንም በምስማር በሳኋቸው።

ውጤቱ ይህ ነው፦

በ4ኛው ቀን ማፍሰሻ የሌለው 10 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ማፍሰሻ ያለው 28 ሚሊ ሜትር ወረደ።

በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ ማፍሰሻ የሌለው 18 ሚሊ ሜትር ደረሰ፤ ማፍሰሻ ያለው በ30 ላይ ቆመ።

በ5ኛው ሳምንት መጨረሻ ማፍሰሻ የሌለው 26 ሚሊ ሜትር ደረሰ፤ ማፍሰሻ ያለው ግን ያው 30 ነበር።

እንግዲህ ማፍሰሻ የሌለው ቆርቆሮ ቀስ እያለ ወደዚያው ቁጥር ይጠጋል። ማፍሰሻ መሬቱ የሚሰጥምበትን መጠን አያስቀረውም፤ ጊዜውን ብቻ ያሳጥረዋል። ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ ያመጣዋል።

አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ማስመሪያውን እየተቀበሉ እርሳቸውም ይለኩ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱን ቆርቆሮዎች ትክ ብለው ተመለከቱና «ሽማግሌው ክረምት ይለፍበት ያሉት ለካ ይህን ኖሯል» አሉ። እኔም አዎን፤ ሙሌቱ ራሱ ሸክም ስለ ሆነ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ውሃውን ያስወጣው ነበር ብዬ ነገርኋቸው። ለአንድ መኖሪያ ቤት ማፍሰሻ ማስተከል ወጪው ብዙ ቢሆንም፣ ለመሠረቱ የተገዛውን ድንጋይ ቤቱ በሚሠራበት ቦታ ላይ ከምሮ ማቈየት ግን ምንም አያስወጣም ብዬ ጨመርሁበት። አባቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ያ ድንጋይ እኮ ስድስት ወር ሙሉ በር ላይ ተከምሮ ነበር» አሉ።

፯. መደምደሚያ

አንባቢዎቼ የቤታቸው ግድግዳ በተሰነጠቀ ቍጥር ምክንያቱ ይህ ነው ብለው እንዳያስቡ መምህራችን አጥብቀው አሳስበውኛል። በአዲስ አበባና በብዙ የአገራችን ክፍሎች የሚገኘው ዋልካ አፈር ችግሩ ሌላ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ቤቱንም ወደ ላይና ወደ ታች ያናውጠዋል። ለእርሱ የቁም ማፍሰሻ መድኀኒት አይሆንም፤ አፈሩን አውጥቶ በሌላ መለወጥ ወይም መሠረቱን ከሚያብጠው አፈር በታች ማድረስ ይሻላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ከሥር ያለው አፈር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አባቴ በዚህ ዓመት በግቢያችን ጀርባ አንድ ክፍል ለመጨመር አስበዋል። ድንጋዩ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ከአሮጌው ግድግዳ ራቅ ብሎ ክፍሉ በሚቆምበት ስፍራ ላይ ተከምሮአል። እኔም ከክምሩ ሥር ችካል ተክዬ በየወሩ መጨረሻ እለካለሁ። በመጀመሪያው ወር 4 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ በሁለተኛው 2፤ በሦስተኛው 1። ጎረቤቶቻችን «ድንጋይ ገዝቶ የማይሠራ» እያሉ ይቀልዳሉ። አባቴ ግን ችካሉ ሁለት ወር ሳይነቃነቅ እስኪቆይ ድረስ ግንበኛ እንዳይጠራ አዝዘዋል፤ የሚጠሩትም እነዚያኑ ሽማግሌ ነው።